ራጅ፣ ራዶን እና የቢግል ውሾች

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ የጤና ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ራጅ ተነሱ ሲባሉ «ጨረሩ ካንሰር ያመጣብኛል» ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን ጨረር ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን በደንብ ያሳዩን ውሾችና አይጦች ናቸው።

ባለፈው ምዕተ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሀንፎርድና አልበከርኪ በነበሩ ላቦራቶሪዎች ቢግል የሚባሉ ውሾች ራዲዮአክቲቭ፣ ማለትም ጨረር የሚረጭ፣ ብናኝ እንዲተነፍሱ ተደረገ። አንዳንዶቹ ፕሉቶኒየም፣ ሌሎቹ ሴሪየም 144 ገባባቸው። ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታተሏቸው። ጭካኔ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልከራከርም።

ፕሉቶኒየም የሚረጨው አልፋ ጨረር ነው። አልፋን ወረቀት ያስቆመዋል፤ ከውጭ ሲመጣ ቆዳ ይበቃዋል። ሳንባ ውስጥ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሚጓዘው የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ስለማይሞላ፣ ጉልበቱን ሁሉ እዚያው ጥቂት ሴሎች ላይ ይጨርሳል። የሴሉን የዘር መረጃ የያዘውን የዲኤንኤን ሁለት ክሮች አንድ ላይ ይበጥሳል፤ ሴሉ ሲጠግን ይሳሳታል። ሴሪየሙ የሚረጨው ቤታ የሚባል ጨረር ግን ራቅ ብሎ ስለሚጓዝ ጉዳቱ ይበተናል። እሱም ዕጢ አምጥቷል፤ ከሳንባ የደም ሥር የሚነሳ ካንሰር ጭምር። ለእኩል መጠን ሲመዘን ግን አልፋው ይብሳል። በጨረር ጥበቃ ስሌት አልፋ 20፣ ቤታና ከራጅ ጋር የሚመሳሰለው ጋማ 1 ተብለው የሚመዘኑት ለዚህ ነው። አልፋ እንደ በረዶ ገብሱን አንድ ቦታ ይመታል፤ ጋማና ራጅ እንደ ካፊያ ናቸው። ካፊያውም ቀስ እያለ ሲመጣ ሴሉ የመጠገኛ ጊዜ ያገኛል።

ሰውነት የሚደርሰው ጨረር በሚሊሲቨርት ይለካል፤ አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት የሚደርሰን በዓለም አማካይ 2.4 ነው።

እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ራዶን ነው። በአፈርና በድንጋይ ካለ ዩራኒየም የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ እሱም አልፋ ይረጫል። ራዶን የተነፈሱ አይጦች የሳንባ ዕጢ አወጡ። ፈረንሳይ ውስጥ ከራዶን በኋላ የሲጋራ ጭስ ሲጨመርባቸው ዕጢው በዛ። ሀንፎርድ ያሉት ውሾች ግን ጭስ ሲጨመርባቸው ዕጢያቸው አነሰ! ምናልባት አክታቸው ወፍሮ ጨረሩን ስለከለለላቸው ይሆናል። አጫሾች ግን በዚህ እንዳትጽናኑ፤ በማዕድን ቆፋሪዎች ላይ የታየው ሁለቱ ሲደመሩ የባሰ መሆኑ ነው።

መንዝም ሆነ ጣርማ በር፣ ብርዱን ለመከላከል በርና መስኮት ዘግተን እናድራለን። ራዶን በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ የሚጠራቀመው እንዲህ ባለ ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ያለው ራዶን፣ ቤክሬል በሚባለው የራዲዮአክቲቭ መለኪያ፣ ከ100 እንዳያልፍ ይመክራል። የእናንተ ቤት ስንት እንደሆነ ሳይለካ አይታወቅም። እስኪለካ ድረስ ስንጥቁን ድፈኑ፤ ፀሐይ ስትወጣም መስኮቱን ክፈቱ።

አመሰግናለሁ።