ከአፕግሬድ በኋላ ዝም ያለ ፕሪንተር፦ ከየት እንጀምር?

የተከበራችሁ የኮምፒውተር ድጋፍ ሰጪዎች፣ የተከበራችሁ የቢሮ ሠራተኞች፣

ኮምፒውተሩ ማታ አፕግሬድ ሲደረግ አድሮ ጠዋት ፕሪንት ሲታዘዝ ወረቀት አልወጣም እንበል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፕሪንተሩ ውስጥ አይደለም። ፕሪንተሩ ትናንት የነበረው ነው። የተለወጠው ኮምፒውተሩ እሱን የሚያገኝበት መንገድ፣ ትእዛዙን የሚያስተላልፍበት ድራይቨር ወይም የሚጠየቀው ፈቃድ ነው። ስለዚህ አጥብቄ የምለምናችሁ፣ ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ ሰርዞ እንደ አዲስ መጫንን የመጀመሪያ እርምጃ እንዳታደርጉት ነው። ሲሰረዝ ይጠቀምበት የነበረው የፖርቱ (ኮምፒውተሩ ከፕሪንተሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር) አድራሻ፣ የድራይቨሩ ስምና የወረቀት ልኩ ከቅንብሩ ውስጥ አብረው ይጠፋሉ፤ ችግሩ ግን እዚያው ሊቀር ይችላል። ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን መዝግቡ፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንሷቸው።

መጀመሪያ ፕሪንተሩን ለብቻው ፈትኑት። ከራሱ ስክሪን ላይ የሙከራ ገጽ እንዲያወጣ እዘዙት፤ ስክሪን ከሌላቸው ብዙዎቹ አንድ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ሲያዝ ያወጣሉ። ገጹ ጥርት ብሎ ከወጣ ቶነሩንና ሮለሩን ተዉአቸው። ገጹንም አትጣሉት፤ የኔትወርክ ፕሪንተር ከሆነ የአይፒ አድራሻው (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ቀጥሎ ቀላሉን እንይ። ፕሪንት ሲባል የፋይል ስም የሚጠይቅ መስኮት ከመጣ፣ ሰነዱ እየሄደ ያለው ወደ ፒዲኤፍ ነው። ዊንዶውስ ዋናውን ፕሪንተር ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደውን ምርጫ አጥፉና ትክክለኛውን ራሳችሁ ሰይሙ።

ፕሪንተሩ በርቶ እያለ ኮምፒውተሩ «ኦፍላይን» የሚል ከሆነ ወደ ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ «ፖርትስ» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ያለውን አይፒ ከሙከራው ገጽ ጋር አስተያዩ። ከተለያዩ ጥፋቱ የአድራሻ ነው፤ ራውተሩ ለፕሪንተሩ አዲስ ቁጥር ሰጥቶታል። ፖርቱን ብቻ ማስተካከል ይበቃል፤ ዳግም እንዳይለወጥ ደግሞ ያንን አይፒ በራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ አስይዙለት። ፖርቱ «ደብሊውኤስዲ» ከሆነ የምመክረው በአይፒ አድራሻው በቀጥታ ወደሚያገኘው ስታንዳርድ ቲሲፒ/አይፒ ፖርት መቀየር ነው። ደብሊውኤስዲ ፕሪንተሩን በየጊዜው ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ከአፕግሬድ በኋላ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ከተመዘገበ ይህ ፍለጋ ይታገዳል። አይፒው ልክ ሆኖም ኦፍላይን ማለቱን ካልተወ፣ በፖርቱ ቅንብር ውስጥ «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ» የሚለውን፣ ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን ሁኔታ እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ምልክት አንሱት። ፕሪንተሩ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ዊንዶውስ ተዘግቷል ብሎ ይወስዳል።

በዩኤስቢ ለሚሠራው ነገሩ አጭር ነው፦ ገመዱን ከማከፋፈያ ነቅላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ፤ የአምራቹን ድራይቨር ስትጭኑ ግን ፕሮግራሙ ሰኩ እስኪላችሁ ድረስ ገመዱ ተነቅሎ ይቆይ።

ሰነዱ ወረፋ ገብቶ የማይንቀሳቀስና የማይሰረዝ ከሆነ ተጠርጣሪው ፕሪንት ስፑለር፣ ማለትም ሰነዶችን በወረፋ ይዞ ወደ ፕሪንተሩ የሚልከው የዊንዶውስ አገልግሎት ነው። ከሰርቪሶች ዝርዝር ውስጥ አቁሙት። ከዚያ በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ወደሚለው ፎልደር ግቡና ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ብቻ አጥፉ፤ ፎልደሩ ራሱ ይቆይ። ስፑለሩን አስነስታችሁ አንድ ገጽ ሞክሩ። ሰነድ በተላከ ቁጥር ስፑለሩ ራሱ እየወደቀ የሚቆም ከሆነ ግን ወረፋ ማጽዳቱ አይፈታውም፤ ድራይቨሩን ጠርጥሩ።

ድራይቨር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሮጌው ሳይወጣ አዲሱን ሲደርብበት ነው። ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ መሰረዝ ድራይቨሩን አያወጣውም። ሰርዙት፣ ስፑለሩን አጥፍታችሁ አስነሱ፣ ከዚያ በፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ድራይቨርስ» ላይ ገብታችሁ ድራይቨሩንም ፓኬጁንም አስወግዱ። ስፑለሩን ሳታስነሱ ከሞከራችሁ «በሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት እትም ስለሌለው፣ ከአሮጌ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር ተቀምጦ የቆየ ድራይቨር እዚህ አይሠራም። ፕሪንተሩ በምልክት የተሞሉ ገጾችን ከደራረበ፣ ድራይቨሩ እሱ በማይረዳው ቋንቋ እያዘዘው ሊሆን ይችላል፤ ፖስትስክሪፕት የተባለውን የፕሪንተር ቋንቋ የማያውቀውን፣ ፒሲኤል በተባለው ሌላ ቋንቋ በሚያዝ ድራይቨር ሞክሩት። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የአፕዴቱ የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከወጣ የዊንዶውስ 11 አፕዴት በኋላ አንዳንድ የዩኤስቢ ፕሪንተሮች ማንም ያላዘዘውን ጽሑፍ ማተም ጀምረው ነበር፤ ማይክሮሶፍት ችግሩን አምኖ በቀጣይ አፕዴት አስተካክሎታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በሰርቨር ወይም በሌላ ሰው ኮምፒውተር በኩል የሚጋራው ፕሪንተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ፕሪንትናይትሜር» የተባለው የስፑለር ክፍተት ከታወቀ ወዲህ ማይክሮሶፍት ሕጉን አጥብቋል፤ ከዚያ ዓመት ነሐሴ ጀምሮ ከፕሪንት ሰርቨር ድራይቨር ማውረድ የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል። መጨረሻው 11ቢ የሆነው የስህተት ቁጥርም በዚያው ዓመት ሌላ የስፑለር ክፍተት ለመዝጋት ከተደረገ ጥበቃ ማጥበቅ ጋር የመጣ ነው። ለዚህ ስህተት በየቦታው የሚሰጠው ምክር ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብሮች ማከማቻ) ገብቶ ጥበቃውን ማጥፋት ነው። እባካችሁ አታድርጉት! ወረቀቱ ይወጣል፤ ነገር ግን ክፍተቱ እንደገና ይከፈታል። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች እኩል አፕዴት አድርጉ፤ ይህ ካልሆነ እያንዳንዱን ኮምፒውተር በአይፒ ከፕሪንተሩ ጋር በቀጥታ አገናኙ።

ማክ ላይ ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር «ሪሴት ፕሪንቲንግ ሲስተም» የሚል ምርጫ አለ። ሁሉንም ፕሪንተሮች ስለሚሰርዝ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ሊነክስ ላይ ካፕስ የተባለው የፕሪንት ሥርዓት አንድ ስህተት ሲገጥመው ወረፋውን አቁሞ እንደቆመ ሊተወው ይችላል፤ በብራውዘር በዚያው ኮምፒውተር ፖርት 631 (localhost:631) ገብታችሁ ወረፋውን «ሪዚዩም» በሉት።

ለቀጣዩ አፕግሬድ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ማይክሮሶፍት የአምራቾችን ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ማሰራጨቱን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል፤ በምትኩ የሚገፋው ያለ አምራች ድራይቨር የሚሠራውን አይፒፒ የተባለ የጋራ የፕሪንት ፕሮቶኮል ነው። በዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 እትም «ፕሮቴክትድ ፕሪንት ሞድ» የሚባል ምርጫ አለ። ሲበራ የአምራች ድራይቨር የሚፈልጉ ፕሪንተሮች ከሥራ ውጭ ይሆናሉ። ከማብራታችሁ በፊት በእጃችሁ ያሉት ሞዴሎች ያለ አምራች ድራይቨር መሥራታቸውን የሚያሳየው የሞፕሪያ ማረጋገጫ እንዳላቸው አንድ በአንድ አጣሩ፤ ሳይታሰብ በርቶ ካገኛችሁት ደግሞ ድራይቨር ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት።

አሁን ወደ ማሽኖቹ እንሂድና የሙከራ ገጽ ከማውጣት እንጀምር።