ሽሩ ነው ወይስ ሽሮ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። ከኋላዬ የሚያጉረመርም ነገር ከሰማችሁ የልብስ ማጠቢያው ነው። ላጠፋው ነበር፣ ግን ነገ ጠዋት ዩኒፎርሙን እፈልገዋለሁ፤ ስለዚህ ቻሉት።

ስለ አንዲት የእንግሊዝ ከተማ ላወራችሁ ነው። ችግሩ ስሟ ላይ ነው። ጣቢያው መስኮት ላይ ቆሜ ትኬት ስጠይቅ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ትኬት ቆራጩ አልገባውም፤ ደግሜ ነገርኩት፣ አሁንም አልገባውም። በመጨረሻ ስልኬን አሳየሁት። «አሃ! ሽሩዝበሪ!» አለ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘች ሴትዮ ጣልቃ ገባችና «ሽሮውዝበሪ ነው እንጂ!» አለችው። እኔን ረስተው ሁለቱ ተያያዙት። ባቡሬ አመለጠኝ።

እኔማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽሮን የመሰለ ስም አግኝቼ ሌላውን ልይዝ ነው? ያውም አውራጃው ሽሮፕሻየር ነው የሚባለው። ሽሮና ሽሮፕ በአንድ አድራሻ! ለእናቴ ደውዬ የሥራ ቦታዬን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ሳቀች።

ሥራው አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞሩ መንከባከብ ነበር፣ አንድ ሙሉ ክረምት። የላከኝ ኤጀንሲ የሚከፍለው ሰው ቤት ውስጥ ላለሁበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምሄድበት፣ በመሃል የምጠብቅበት ሰዓት የእኔ ኪሳራ ነው። አንዳንድ ቀን በሁለት ቤቶች መካከል ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፈኛል። ካፌ ልቀመጥ ብል የሁለት ሻይ ዋጋ የግማሽ ሰዓት ደመወዝ ነው። ምን አደርጋለሁ? እግሬን ነዋ! ከተማዋን ያወቅኳት በብስጭት እየተራመድኩ ነው።

መጀመሪያ አቀማመጧን ልንገራችሁ። ሰቨርን የሚባል ወንዝ አለ፤ በብሪታንያ ረጅሙ ነው፣ ወደ 354 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከጎረቤት አገር ከዌልስ ተራሮች ወርዶ እዚህ ሲደርስ ይታጠፍና ከተማዋን ዙሪያዋን አቅፎ ሊዘጋት ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ሐሳቡን ቀይሮ ይሄዳል። ከላይ ብታዩት ቅል ነው የሚመስለው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን። አንገቱ ላይ ምን አለ? ግንቡ አለ፣ ወህኒ ቤቱ አለ፣ የባቡር ጣቢያው አለ። ባለሥልጣን የሆነ ሁሉ ከጥንት እስከ ዛሬ እዚያች አንገት ላይ ነው የቆመው። በየብስ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ በዚያ ማለፍ አለበት።

ግንቡን ያሠራው ሮጀር ደ ሞንትጎመሪ የሚባል፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጣ የኖርማን መስፍን ነው። በ1066፣ በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ፣ ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እዚህ ግንብ ቆመ። በ1086 የንጉሡ ሰዎች አገሩን ሁሉ እየዞሩ ግብር ሲመዘግቡ የከተማዋ ሰዎች አቤቱታ አቀረቡ። ግንቡ የ51 ቤቶችን ቦታ ወስዷል፣ ግብሩ ግን ያኔ እንከፍል የነበረው ነው፣ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰልንም ነው ነገሩ። መዝገቡ አሁንም አለ። ቤቱ ፈርሶ ግብሩ ሳይፈርስ! ይህን ሳነብ አንዳንዶቻችሁ ትዝ አላችሁኝ። ስም አልጠራም።

አሁን ከተማ ከተማ እያልኩ ነው አይደል? በእኛ ቋንቋ ትልቁም ትንሹም ከተማ ነው። እንግሊዞች ግን «ታውን» እና «ሲቲ» ብለው ይለያሉ፣ ልዩነቱም የስፋት አይደለም። ሲቲነት ማዕረግ ነው፣ እንደ ደጃዝማችነት በሉት፤ ከዙፋን ይሰጣል። ሽሮውዝበሪ ጠይቃ አልተሰጣትም። ከ70,000 በላይ ሰው ይኖርባታል፣ የአውራጃው ዋና ከተማ ናት፣ ግን ታውን ናት። ከነዋሪዎቿ መካከል ደግሞ «ባይሰጡንም እንኳን አልሰጡን» የሚሉ አሉ።

የአውራጃ ዋና ከተማ ማለት ድሮ ምን ነበር? ዳኛው የሚመጣበት፣ ወንጀለኛ የሚታሰርበትና የሚሰቀልበት፣ ገበሬው እህል የሚሸጥበት፣ ባላባቱ ለጨዋታ ብቅ ብሎ ቤት የሚሠራበት። ወህኒ ቤቱ በ1793 ተሠርቶ እስከ 2013 ድረስ እስረኛ ነበረበት። አሁን ከፍለህ ገብተህ የምትጎበኘው ሆኗል። እኔ አልገባሁም። ከፍዬ እስር ቤት አልገባም!

እኔን የያዙኝ መንገዶቹ ናቸው። መሃል ከተማው እስከዛሬ የመካከለኛው ዘመን መንገዱን እንደያዘ ነው፤ ጥቁር ምሰሶ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ፎቁ ከምድር ቤቱ ወጣ ብሎ መንገዱ ላይ የተንጠለጠለ። ከመንገድ ወደ መንገድ የሚያሻግሩ፣ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ። የአገሩ ሰው «ሸት» ይላቸዋል። ሌላ እንግሊዝ ብትሄድ ይህን ቃል በዚህ ትርጉም ብዙ ሰው አያውቀውም። የመንገዶቹን ስም ስሙት ደግሞ፤ የሥጋ ሻጮች ረድፍ፣ የዓሣ መንገድ፣ የወተት መንገድ። መርካቶ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሥጋ ተራ፣ ዓሣ ተራ፣ ወተት ተራ። ዛሬ ሥጋ ተራ ላይ ሥጋ ብዙም የለም፤ ቡናና የሰርግ ቀለበት ነው።

ከእነዚህ መንገዶች መሃል አደባባዩ ላይ በ1596 የተሠራ የድንጋይ የገበያ ቤት አለ። ምድር ቤቱ በቅስት የተከፈተ ነው፤ ገበሬ እህሉን እዚያ ይሸጥ ነበር። ፎቁ ላይ ደግሞ የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ነበር። የሚሸጡት ጨርቅ ከዌልስ የሚመጣ የሱፍ ጨርቅ ነው። ዌልሶቹ ፈትለው ሸምነው በፈረስ ያመጡታል፤ ሽሮውዝበሪዎቹ ይገዙና እዚህ አስተካክለው ለንደን ይልኩታል። ትርፉን ማን እንደወሰደ ለማወቅ ማስረጃ አትፈልጉም፤ ቀና ብላችሁ ቤቶቹን ማየት ነው። እነዚያ ቱሪስት የሚያነሣቸው ባለ ጥቁርና ነጭ ቤቶች ብዙዎቹ በዚያ ሱፍ የቆሙ ናቸው።

ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ግንቡ የተሠራው ዌልሶችን ለመከላከል ነበር። በ1283 የመጨረሻው የዌልስ ልዑል ዳቪዝ አፕ ግሪፊዝ ተይዞ የመጣው እዚህ ነው። በፈረስ መንገድ ለመንገድ ተጎተተ፣ ተሰቀለ፣ ገና ነፍሱ ሳይወጣ ሆዱ ተቀደደ፣ አካሉ አራት ቦታ ተቆረጠ። እንግሊዞች ለብዙ መቶ ዓመት ለከሃዲ ያቆዩት ቅጣት፣ በትልቅ ሰው ላይ ሲፈጸም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ከዚያ የልጅ ልጆቻቸው የገዳይና የሟች ልጆች ሆነው ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው በጨርቅ ዋጋ ይከራከራሉ። ወንዙን የሚሻገሩት ሁለቱ አሮጌ ድልድዮች ስማቸው የእንግሊዝ ድልድይ እና የዌልስ ድልድይ ነው። እኔ አንዳንድ ቀን በአንዱ ገብቼ በሌላው እወጣለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ስለ ጦርነት አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ማር ስላለበት ነው። በ1403 ሐምሌ ውስጥ ከከተማዋ በስተሰሜን ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ ካመፀበት መኳንንት ከሄንሪ ፐርሲ ጋር ተዋጋ። የንጉሡ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፍላጻ ፊቱን መታው። እንጨቱ ወጣ፣ ብረቱ ግን አጥንት ውስጥ ቀረ። ጆን ብራድሞር የሚባል ሐኪም ለዚያ ቁስል ብሎ አዲስ መንቀያ መሣሪያ ሠራ፣ ቁስሉን በማር እየቀባ ቀስ በቀስ አሰፋው፣ ብረቱን አወጣ። ልጁ ዳነ፤ በኋላም ሄንሪ አምስተኛ ሆኖ ነገሠ። ማር ለቁስል እንደሚሆን አያቴም ታውቅ ነበር፤ ንጉሥ አላጋጠማትም እንጂ።

የዝግመተ ለውጡ ሳይንቲስት ዳርዊን የተወለደው እዚህ ነው፣ በ1809። ስለ እሱ ማወቅ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፤ በልጅነቱ ትምህርት ቤቱን አይወድም ነበር። አዳሪ ነው፣ ቤቱ ግን አንድ ማይል ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ ማታ በር ሳይዘጋ ሮጦ ቤቱ ደርሶ ይመለስ ነበር። ሲያረጅ ስለዚያ ትምህርት ቤት የጻፈው አብዛኛው ምሬት ነው። ታዲያ ሐውልቱን የት አቆሙለት? እዚያው በር ላይ! ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሐውልቱ ገና ሳይሠራ በ1894 የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጫፍ በማዕበል ወደቀ፤ ቄሱም ምክንያቱ ለዳርዊን መታሰቢያ ይሠራ መባሉ ነው፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ነው አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሐውልቱ ቆመ።

አደባባዩ ላይ ደግሞ የሮበርት ክላይቭ ሐውልት አለ፤ የሕንዷን ቤንጋልን ለእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ያስገባና እዚያ ሀብት ያጋበሰ ሰው ነው። የዚህች ከተማ የፓርላማ ተወካይ ነበር፣ ከንቲባም ሆኗል። በ2020 ይነሣ የሚል ፊርማ ተሰበሰበ፤ ምክር ቤቱ አይነሣም አለ። ሥራ ላይ አንዲት ሕንዳዊት ባልደረባ ነበረችኝ። ምሳችንን እግሩ ሥር ነው የምንበላው፣ ነፋስ ስለሚከልል። «ቢያንስ ለዚህ ይጥቀም» ትላለች።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ ዲዘሪንግተን የሚባል ሰፈር አንድ የተልባ እግር ፋብሪካ አለ። ማለትም የተልባውን ግንድ ጭረት ፈትሎ ክር የሚያደርግ። የዚያን ዘመን ፈትል ቤቶች ወለላቸውም ምሰሶአቸውም እንጨት ነው፤ አየሩ ብናኝ፣ ማሽኑ ዘይት፣ መብራቱ ሻማ። በየጊዜው ይነዱ ነበር። በ1797 ቻርልስ ቤጅ የሚባል ሰው ምሰሶውንም አግዳሚውንም ብረት አደረገው፣ በመሃሉ የጡብ ቅስት ሞላ። በብረት አጥንት የቆመ የመጀመሪያው ሕንፃ ይህ ነው፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ የምታዩት ፎቅ ሁሉ ቅድመ አያቱ እዚህ ነው። አምስት ፎቅ ብቻ፣ ቀይ ጡብ፣ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን። ምሰሶውን በእጄ ነካሁት። ቀጭን ነው፣ ወገቡ ላይ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ቤጅ ክብደቱ የት እንደሚያጎብጠው አስልቶት ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ግን ሕፃናት ነበሩ፤ ይህንንም አብረን እንያዘው።

ፈትሉ ሲከስር ምን ሆነ መሰላችሁ? ብቅል ቤት! ከ1897 እስከ 1987 ድረስ ለቢራ የሚሆን ብቅል ይዘጋጅበት ነበር። ገብስ ዘፍዝፈው ወለሉ ላይ ያሰጡታል፣ ሲያጎነቁል በአካፋ ያገላብጡታል። አስጎብኚው ይህን በጥሞና ሲያስረዳን እኔ እየሳቅኩ ነበር። ይህ እኮ የእናቴ ሥራ ነው! ልዩነቱ እናቴ የምታሰጣው ጓዳ ውስጥ መሆኑ ነው። ሕንፃው ከዚያ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆይቶ፣ ታድሶ በ2022 ተከፈተ።

ልጨርስ ነው፤ ማሽኑም ዝም ብሏል።

ኮልሃም የሚባል ወንዝ ዳር ሰፈር አንድ ባልና ሚስት ነበሩኝ፤ በልቤ አባባና እማማ ነው የምላቸው። የወጥ ቤታቸው በር መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመሩ ሦስት መስመሮች አሉ፣ 1947፣ 2000፣ 2020። ጎርፉ የደረሰበት ልክ ነው። የመጀመሪያውን ያሰመሩት የአባባ አባት ናቸው። ሌላ ሰው የልጁን ቁመት የሚለካበት ቦታ ላይ እነሱ ወንዙን ይለካሉ። «ለምን ለቃችሁ አትሄዱም?» አልኳቸው አንድ ቀን። «የት?» አሉኝ አባባ፣ ጥያቄው ጭራሽ አልገባቸውም።

አባባ «ሽሩ» ነው የሚሉት፣ እማማ «ሽሮው»። ሃምሳ ምናምን ዓመት አብረው ኖረው አንዱ ሌላውን አላሳመነም። በሳምንት አንዴ ይነሣል፣ ያውም እኔን ዳኛ አድርገው። እኔ ደግሞ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን እያወቅኩ በመጨረሻው ሳምንቴ አንድ ዕቃ ሽሮ ይዤ ሄድኩ። በርበሬውን ቀንሼ፣ አልጫ አድርጌ። ስሙ ሽሮ መሆኑን ነገርኳቸው። አባባ አንድ ማንኪያ ቀመሱ፣ ቆዩ፣ ደገሙ። «ይሄማ የአተር ገንፎ ነው፤ እናቴ ከአሳማ ሥጋ ጋር ትሠራው ነበር» አሉ።

እማማ ከወንበራቸው ቀና ብለው «ምን አለች ስሙን?» አሉ።

«ሽሮ።»

«አላልኩህም?» አሉ ወደ አባባ ዞረው።