አንዲት ኮፍያ፣ አንድ ምስማር
(በድሬዳዋ ለተማሪዎች የተውኔት ክበብ አባላት፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ የክበባችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ከየቤታችሁ ወጥታችሁ ይህን አዳራሽ ስለሞላችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «የተውኔት መሠረታውያን» ይላል። ቃላቱን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ ቃለ ተውኔት፣ ጭብጥ። እኔም ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌአቸዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ሸምድደው ፈተና ላይ መልሰውልኛል። ዛሬ ማታ ግን አናጢ መጋዙን በሚያውቀው መንገድ እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ።

ባለፈው ዓመት ልጆቻችን አንድ ትዕይንት ጻፉ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሞቷል። ታላቁ ኑሮውን አዲስ አበባ ስላደረገ ገንደ ቆሬ ያለው ቤት ይሸጥ ይላል። ታናሹ ከእናቱ ጋር እዚያው መኖር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ረቂቅ አሥራ ሁለት ገጽ ጭቅጭቅ ነበር። ልምምድ ላይ ተዋንያኑ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ፤ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ግን የራሳቸውን ወሬ ያወሩ ጀመር። ጸሐፊዋ ልጅ ፊቷ ቅጭም ብሎ መጣችና፣ «ቲቸር፣ ተውኔት ያለ ግጭት አይቆምም ብለውን ነበር እኮ። ይኸው ይጋጫሉ። ታዲያ ለምን ሰለቻቸው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። በማግስቱ ሁላችንም ክብ ሠርተን ተቀመጥንና፣ «እዚያ ክፍል ውስጥ የአባትየው የሆነ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ «ኮፍያው» አለ። የት? «በሩ አጠገብ፣ ምስማር ላይ።»

ከዚያ በኋላ ትዕይንቱ እንዲህ ሆነ። ታላቁ ወንድም ከአዲስ አበባ እንደመጣ ይገባል። የለበሰው የደጋ ጃኬት ነው፤ ላብ አጥምቆታል። ያወልቀዋል። ምስማሩ አንድ ነው። ኮፍያዋን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርግና ጃኬቱን ይሰቅላል። ታናሹ አንዲት ቃል አይናገርም። ይነሣል፤ ኮፍያዋን ያነሣል፤ አቧራዋን በክንዱ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል፤ ወዲያ ወዲህ ያያል፤ የሚሰቅልበት ያጣል። መጨረሻ ላይ ራሱ ላይ ያደርጋታል።

ከኋላ የነበሩት ልጆች ወሬአቸውን አቆሙ። አሥራ ሁለቱ ገጽ ወደ አራት ወረደ።

ልጆቼ፣ ግጭት ሁለት ሰዎች ለሁለት የማይበቃ ነገር ሲፈልጉ የሚፈጠር ነው። ድምፅ ከፍ ማለቱ በኋላ ቢመጣም ባይመጣም ግድ የለም። አንድ ምስማር ለጃኬትና ለኮፍያ አልበቃም፤ ተመልካቹ ቤቱም ለሁለቱ ሐሳብ እንደማይበቃ በዓይኑ አየ።

አሁን ታሪክንና ሴራን እንለይ። አባትየው ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ቤቱን መቼ እንደገዛ፣ ታላቁ ለምን እንደሄደ፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ነው። ሴራ ግን ጸሐፊው ከዚያ ውስጥ የትኛውን ቀድሞ፣ የትኛውን ዘግይቶ እንደሚያሳየን፣ አንዱ ድርጊት ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ የሚወስንበት ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን «ፖየቲክስ» በተባለው ሥራው ትራጄዲን፣ ማለትም አሳዛኙን ተውኔት፣ በስድስት ነገሮች ከፈለው፤ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሐሳብ፣ አነጋገር፣ ዜማና በዓይን የሚታየው ትርኢት። ሴራን የትራጄዲ ነፍስ አለው። ትርኢትን ግን ከጥበቡ በጣም የራቀ አድርጎ አየው። እዚህ ላይ ከታላቁ ሰው ጋር አልስማማም። ያቺን ኮፍያ ካየሁ ወዲህ በፍጹም አልስማማም።

የሴራን ነገር ግን ከእርሱ የተሻለ ያስረዳ አላገኘሁም። ምሳሌ ያደረገው የግሪካዊውን ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክለስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» የተባለ ተውኔት ነው። አንድ መልእክተኛ ንጉሡን ከስጋት ሊገላግለው፣ ደስ ሊያሰኘው ይመጣል። ሊያጽናናው ብሎ የተናገረው ቃል ግን ኤዲፐስ የማን ልጅ እንደሆነ ይገልጥና ያጠፋዋል። የነገሩ መገልበጥና እውነቱን ማወቅ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ጡዘት የምንለው፣ ግጭቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ፣ እንዲህ ሲሆን ነው ከአጥንት የሚገባው።

መቼት «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የሠሩት ቃል ነው፤ ልጆች ግን መጋረጃ ላይ የሚሳል ሥዕል ይመስላቸዋል። እስቲ አስቡት። አዲስ አበባ ከቀኑ በሰባት ሰዓት በር ቢንኳኳ እንግዳ መጣ እንላለን። ድሬዳዋ ላይ ግን በሰባት ሰዓት ሱቁ ተዘግቷል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ካልሆነ በቀር መንገዱ ጭር ብሏል፣ ሰው ጋደም ብሏል። በዚያ ሰዓት በር ከተንኳኳ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው! ታላቁ ወንድም በሰባት ሰዓት እንዲገባ ያደረግነው ለዚህ ነው። እናትየዋ ጓዳ ውስጥ ጋደም ብላለች፤ ወንድማማቾቹም እንዳትነቃ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መቼቱ ራሱ ጩኸቱን ከለከለልን።

ስለ ገጸ ባሕርይ የጎረቤታችንን ሰው ላንሣ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው እዚሁ ቅርባችን ሐረር፣ ከራስ መኮንን ዘንድ ነበሩ። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ሩሲያ ሄደው ተማሩ፤ እዚያም ቴአትርን አወቁ። አገራቸው ተመልሰው ለአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውን ተውኔት ጻፉ። ተዋንያኑ በአውሬ ተመስለው ነው የሚናገሩት፤ ግን ተመልካቹ ከአውሬው ገጽ በስተጀርባ የሰውን፣ ያውም የሹምን ባሕርይ ስላየ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ቃሉን አጢኑት፤ ገጽ እና ባሕርይ። የሚታየው ፊትና ውስጥ ያለው ጠባይ። ሁለቱ ልክ አንድ የሆኑለት ሰው መድረክ ላይ ብዙ አያቆየንም። ታላቁ ወንድም ገጹ ቆራጥ ነው፤ ባሕርዩ ግን ያንን ቤት ይፈራል፤ አባቱ ሲሞት አልነበረማ። ይህን በአፉ እንዲናገር ጸሐፊዋ አንድ ገጽ ሙሉ መነባንብ ጽፋለት ነበር። አወጣነው። ኮፍያዋን ሲያነሣ ጣቱ ለአፍታ ቆም እንዲል ብቻ አደረግን።

በጣም የምወደውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቃለ ተውኔትን ነው። በእኛ ከተማ አንድ ሰው «አቦ!» ሲል የት እንዳደገ ይታወቃል። ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ሐረሪው፣ አማርኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገናኛል፤ ለጸሐፌ ተውኔት ይህ ሀብት ነው፤ ልጆቼ፣ አትፈሩት፣ በመጽሐፍ አማርኛ አትሸፍኑት። አማርኛ ራሱ ደግሞ ሌላ ስጦታ አለው። በትዕይንቱ ውስጥ እናትየዋ ከእንቅልፏ ነቅታ ከጓዳ ብቅ ትላለች። ታናሹ ልጇ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ኮፍያዋን አድርጓል። እናት በሩ ላይ ቆም ትልና «መጡ እንዴ?» ትላለች።

ልብ አላችሁ? «መጣህ» አላለችም። ልጇን አንቱ ብላ አታውቅም። አንቱ የምትለው አንድ ሰው ነበር። በአንዲት አንቱታ ትዳሯን፣ ኀዘኗን፣ ያ ቤት ለእርሷ ምን እንደሆነ ሁሉ ነገረችን፤ ሁለቱ ልጆች ደግሞ በተመሳሳይ ቅጽበት አወቁ። ይህን የጻፈችው ያቺው ፊቷ ቅጭም ያለችው ልጅ ናት፤ እኔ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

ጭብጥን የዘለልኩት ረስቼው አይደለም፤ ከትዕይንቱ በኋላ ከእናንተ መስማት ስለምፈልግ ነው። እናትየዋ ያንን ከተናገረች በኋላ ታላቁ ወንድም የሚያደርገውንም አልነግራችሁም። አሁን ልጆቹ ያሳዩአችኋል። መብራቱን ቀነስ አድርጉልን። ምስማሩ ከበሩ በስተቀኝ ነው።