ትናንት ወታደር የነበረ ሰው በራችን ሲደርስ (በስደተኞች ቀን መተማ ላይ የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ሰኔ 13 የዓለም የስደተኞች ቀን ነው፣ እኔ ግን ፖስተሩ ላይ የተጻፈውን ልደግምላችሁ አልመጣሁም። ሻይ ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራውን ጮክ ብዬ ላነሳው ነው የመጣሁት። "ከሱዳን ከሚመጡት ውስጥ ወታደር አለበት፣ ትናንት ሲዋጋ የነበረ ሰው ዛሬ ጎረቤታችን ሊሆን ነው" ይባላል። ይሄን የሚል ሰው ክፉ አይደለም፣ ልጆቹን እያሰበ ነው።

እኔም ብዬዋለሁ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ፈንድቶ ሰው ከማዶ ካለችው የሱዳን ከተማ ከጋላባት መጉረፍ ሲጀምር ኬላው አጠገብ ቆሜ ወጣቶቹን አይ ነበር፣ ፊታቸውን ግን አላየሁም፣ ትከሻቸውን ነው ያየሁት፣ የጠመንጃ ማንገቻ ምልክት ይኖርበት ይሆን እያልኩ። ማታ ቤቴ ስገባ አባቴ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

አባቴ የቀድሞው ጦር ወታደር ነበር። ግንቦት 16 ቀን 1983 አስመራ ስትያዝ ጦሩ ተበተነ፣ ስንቱ በከረን በአቆርዳት በተሰነይ አድርጎ በእግሩ ወደ ሱዳኗ ከሰላ ተመመ፣ በውሃ ጥም መንገድ ላይ የቀረው ቀረ፣ አባቴም ድንበሩ ላይ መሳሪያውን አስረክቦ ገባ። ብዙዎቹ ወዲያው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሱ ፈራና ቀረ። ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ ሰባት ዓመት ኖረ። እሱ እንደሚለው ከፀሐዩም ከስራውም የከበደው እሱ ሲመጣ ሰው ወሬውን ማቋረጡ ነበር። ስሙን እያወቁት "አስከሪ" ነበር የሚሉት፣ ወታደሩ ማለት ነው። ዩኒፎርሙን ጥሎ ጀላቢያ ከለበሰ ቆይቷል፣ ሰዉ ግን ዩኒፎርሙን አላወለቀለትም። በሦስተኛው ዓመት የእርሻው ባለቤት የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጠው፣ በስሙ መጠራት የጀመረው ከዛ በኋላ ነው።

ይሄን የምነግራችሁ ስጋታችሁ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ ከሩዋንዳ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ ዛየር፣ ወደ ዛሬዋ ኮንጎ ማለት ነው፣ ተሻግሮ ጎማና ቡካቩ አካባቢ ሲሰፍር፣ የዘር ማጥፋቱን የፈጸሙት ወታደሮችና ኢንተርሃምዌ የሚባሉት ሚሊሻዎችም ከሰላማዊው ሰው ጋር ተቀላቅለው ገቡ። ማንም ከሌላው አልለያቸውም። አዛዦቻቸው አዛዥ እንደሆኑ ቀጠሉ፣ የእርዳታ እህሉን እነሱ ተቆጣጠሩት፣ ካምፖቹ ለድንበሩ ቅርብ ስለነበሩ ከዛ እየተነሱ ሩዋንዳን ያጠቁ ነበር፣ ሁለት ዓመት አለፍ ሲል አካባቢው በሙሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የተጎዳው ደግሞ እዛው ካምፕ ውስጥ የነበረው ምስኪን ስደተኛ ነው።

እና ምን ይደረግ? በር ይዘጋ? አይደለም። በሩ ላይ ሥራ ይሠራ ነው የምለው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ ላይ ነው የተፈረመው፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1961፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ። እዛ ላይ ስደተኛ በተቻለ መጠን ከመጣበት አገር ድንበር ራቅ ብሎ ይስፈር ይላል፣ ከተጠለለበት ሆኖ የመጣበትን አገር እንዳይወጋም ይከለክላል። በ2002 እ.ኤ.አ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት፣ የዩኤንኤችሲአር፣ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የታጠቀ ሰው ገና ሲገባ ትጥቁን ይፍታ፣ ከሰላማዊው ሰው ይለይ፣ ውጊያውን የምርና ለዘለቄታው መተዉ ሳይረጋገጥ ጥገኝነት ጠያቂ ተብሎ አይታይ ብሏል። የጦር ወንጀል የሠራ ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮንቬንሽን መሠረት የስደተኛ ከለላ አያገኝም። ስለዚህ ባለስልጣኖቻችንን "ለምን አስገባችሁ" ከማለት "ትጥቅ የሚያስፈታው ማነው፣ የሚለየው ማነው፣ የት ነው የሚቆየው" ብንላቸው መልስ የሚኖረው ጥያቄ ጠየቅን ማለት ነው። ይሄን የመጠየቅ መብት አለን፣ ቀድመው ሊነግሩንም ይገባ ነበር።

መዝጋቢዎችን አንድ ነገር ልለምን። አንድን ወጣት ሰልፍ መሃል "ወታደር ነበርክ ወይ" ብላችሁ አትጠይቁት። ከጦሩ ከድቶ የመጣ ሰው ከኋላው ማን እንደቆመ አያውቅም፣ ይፈራል፣ ይዋሻል፣ ያኔ ደግሞ ማን ማን እንደሆነ እኛም አናውቅም። ለብቻው፣ ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው ይጠየቅ።

ሌላው፣ ውጊያ የተወ ሰው እንጀራ ካላገኘ ወደሚያውቀው ስራ ሊመለስ ይችላል። በ1983 ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰራዊት ሲበተን ለማቋቋሚያው ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፣ መሬትና ዘመድ ያለው ገበሬ ወደ ቀዬው ሲመለስ ቀለል አለው፣ ከተማ የቀረው ግን ብዙ ተንከራቷል። የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ሠርቶ እንዲበላ ይፈቅዳል። በወረቀት ያለው መብት እርሻችን ላይ ካልታየ ሰውየው ካምፕ ውስጥ ቁጭ ብሎ የድሮ አዛዡን ይጠብቃል።

ይሄንንም እንወቅ፣ ኩመርና አውላላ በሚባሉት የአማራ ክልል ካምፖች የነበሩት የሱዳን ስደተኞች በታጣቂ ሲዘረፉና ሲታገቱ ነበር፣ ከ2016 ሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ከአንድ ሺህ የማያንሱ ሰዎች ካምፑን ጥለው መንገድ ላይና ጫካ ውስጥ አድረዋል። እነሱም እንደ እኛ ጠመንጃ ያለው ሰው ነው የሚያስፈራቸው።

እኔ ያለኝ ይሄው ነው። የስደተኞቹ ወኪሎችም ከእኛ ጋር ስለተቀመጡ ተርጓሚው አጠገባቸው ይሁንና እስኪ መድረኩ ለእናንተ ይሁን፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ይጀምሩልን፣ ስጋታቸውን ሳይቀንሱ ይናገሩ።