ቄ ላይ ለመድረስ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ጉንፋን ይዞኛል፤ ድምፄ ቢዘጋ ይቅርታ። ውጭ ደግሞ የጎረቤት ውሻ አለ። እሱን ምንም ላደርገው አልችልም።

ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ብዙዎቻችሁ «ዶክትሬቱ ከምን ደረሰ?» ብላችሁኛል። እማዬም በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ የሷ ግን «አሁንም አልጨረስሽም?» ነው። አልጨረስኩም። ስገባ በአራት ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ ይኸው አምስተኛዬን ይዣለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ መምህር ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን አንደኛና ሁለተኛ ክፍል። ዲግሪዬን በክረምት፣ ማስተርሴን በማታ ነው የተማርኩት። ዶክትሬቱን በትምህርት ዘርፍ የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። ስገባ መልሱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ የጨበጠ ሰው ምን ይቀረዋል?

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ፕሮፖዛል እየጻፍኩ፣ ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ። ታስታውሱታላችሁ። 896 ሺህ ያህል ልጆች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም ወሬው እሱ ነው። አንዱ ኩረጃ ስለቀረ ነው ይላል፣ አንዱ መምህሩን ይሰድባል። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አንድ የቆየ ሪፖርት አወጣሁ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች፣ በስድስት ቋንቋዎች፣ ከ13 ሺህ በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተመዝኖ ነበር። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶው ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ አላነበቡም። አንዲት ቃል! እነዚያ የሁለተኛ ክፍል ልጆችና አሁን ውጤቱ የወጣው የ2014 ተፈታኞች የሁለት ዓመት ታላቅና ታናሽ ናቸው። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ሲሆን እኔ ወደ ሁለተኛ ክፍል ወረድኩ።

ርዕሴን «በኢትዮጵያ የንባብ ችግር መንስኤዎችና መፍትሔዎች» ብዬ ለአማካሪዬ ወሰድኩ። ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። መጀመሪያ «በኢትዮጵያ» የሚለውን ሰረዙ። «አገሩን በሙሉ ልትዞሪው ነው?» ቀጥሎ «መፍትሔዎች»። «ገና ችግሩን ሳታውቂ?» ከዚያ «መንስኤዎች»። «መንስኤው ይኼ ነው ለማለት ምን ዓይነት ጥናት እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ?» ገጹ ላይ «የንባብ ችግር» የሚል ብቻ ቀረ። ትንሽ አሰቡና «ችግር»ንም ሰረዙት። ከቢሯቸው የወጣሁት «የንባብ» የሚል ርዕስ ይዤ ነው።

ያን ቀን ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የዕንባው ምክንያት ርዕሱ ብቻ አልነበረም፤ ምሳም አልበላሁም። በኋላ ሲጠብ ሲጠብ ርዕሱ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ትምህርት ቤቶች ላይ አረፈ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ፊደልን ከተራው ወጥቶ ሲያገኙት ምን ያደርጋሉ? በቃ። ይኸው ነው አምስት ዓመቴን የበላው።

ትምህርት ቤቶቹ የሚያስገባኝን ደብዳቤ ነገርማ ባልነግራችሁ ይሻላል። እሺ፣ ትንሽ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲው «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍልሻል። ያንን ይዘሽ ትምህርት ቢሮ፣ ከቢሮ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወረዳ፣ ከወረዳ ትምህርት ቤት። አንድ ቦታ «ይኼ ለእኛ አልተጻፈም» አሉኝ። ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው! «እኛን አይመለከትም» አሉ። ሌላ ቦታ መዝገብ ቤት ገብቶ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ ፈራሚው ስብሰባ ናቸው፣ ማህተም የምትመታዋ ፈቃድ ላይ ናት። መጨረሻ ላይ ሲገኝ ግልባጩ ነው የተገኘው። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ደግሞ የፈተና ሳምንት ሆኖ ጠበቀኝ።

ወደ ልጆቹ ልመለስ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ልጅ ከፊቴ ይቀመጣል። ፊደላት የተደበላለቁበት ወረቀት አለ። ስልኬ ላይ አንድ ደቂቃ እሞላለሁ። ልጁ የሚችለውን ያህል ይጠራል፣ እኔ የሳተውን እሰርዛለሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥር በሙሉ ከሳተ ወይም ዝም ካለ ይቆማል፤ ዜሮ ይጻፋል። ልጁ እንዳይጨነቅ ነው የሚቆመው።

አንድ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ መጣ። «ቄ» ላይ ስንደርስ ጣሪያውን አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በጣቱ ጭኑን ይጫናል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። «ቄ!» አለ። ልክ ነው። «ሾ» ላይ እንደገና ጣሪያ፣ እንደገና ጣት፣ አሁን ሰባት ጊዜ። «ሾ!» ደቂቃው አለቀ። አሥራ አንድ ፊደል ነው የጠራው፣ አንድም አልሳተም። ሰዓቱን ዘግቼ ጠየቅኩት።

«ቅድም ምን እያደረግክ ነበር?»

«እየቆጠርኩ።»

«ከየት ጀምረህ?»

«ከቀ። ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ፣ ቄ።»

ጣሪያው ላይ ለካ የፊደል ገበታው ነበር! ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ 33 ረድፍ በሰባት፣ 231። ልጁ ቄን መልኳን ሳይሆን ቤቷን ነው የሚያውቀው። ከቀ ተነስቶ በየበሩ እያለፈ አምስተኛው ላይ ያንኳኳል።

ያን ማታ አልተኛሁም። ምክንያቱም ያንን ልጅ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ እሱን ባይሆን ብዙ እንደሱ ያሉትን። ዘጠኝ ዓመት ገበታው ስር በዱላ እየጠቆምኩ «በሉ!» እል ነበር። ስልሳ ልጅ ባንድ ድምፅ ጣሪያውን ያነሳዋል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ጮክ እንዲሉ እነግራቸዋለሁ። እሱም ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ዱላዬ ግን ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነበር የሚሄደው። አንድም ቀን ከመሃል ጀምሬ አላውቅም። እያነበቡ ይመስለኝ ነበር፤ እየዘፈኑ ነበር። ከዚያ በነፃ ዝውውር፣ ማንም ሳይወድቅ፣ ወደ ሦስተኛ ክፍል አሳልፋቸዋለሁ፤ የሦስተኛ ክፍል መምህሯ ደግሞ «ምን አስተምረሽ ነው የላክሽልኝ?» ትለኛለች። እኔ አኮርፋታለሁ። አሁን ብትሰማኝ ይቅርታ እላታለሁ።

ምዕራፍ አራትን ጽፌ ለአማካሪዬ ሰጠሁ። ስለዚያ ልጅ የጻፍኩበት አንቀጽ ዳር ላይ በቀዩ እስክሪብቶ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፈው መለሱልኝ። «ታዲያ ይህ ልጅ ያነባል?» አራት ወር ሆነኝ። አንድ ሳምንት አዎ እጽፋለሁ፣ በሚቀጥለው አጠፋዋለሁ። በደቂቃ አሥራ አንድ ፊደል የሚጠራ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ግን አያውቅም ለማለትም እጄ አይሄድም።

አንዷ ደግሞ አለች። አሥሩም ላይ ዝም አለች። እንባ ሞልቶባታል። ሕጉ እንደሚለው አቆምኩ፣ ዜሮ ጻፍኩ፣ አመሰገንኳትና ሸኘኋት። ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ቆማለች። ጓደኛዋ «የት ነው የሚገባው?» ስትላት እሷ ቀና ብላ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ አየችና ቀስ ብላ «መዝ... ገብ... ቤት» አለች።

ተመልሼ ዜሮውን ልሰርዘው አሰብኩ። አይቻልም። ለአንዷ ከሰረዝኩ ለሁሉም ልሰርዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ማን ያምነዋል? ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አማካሪዬ ደብተሩን ሲያዩት «ይኼ ለምን ምዕራፉ ውስጥ አልገባም?» አሉኝ። አስገባሁት። ግማሽ ገጽ ሆነ።

ረቂቁን ዓርብ አስረክባለሁ። ሠንጠረዡ ላይ ልጅቷ አሁንም ዜሮ ናት፤ ግማሽ ገጹ ከሥሩ አለ።

ሻዬ ቀዘቀዘ። በሉ ደህና ሁኑ።