መራመዱስ ጥሩ፣ ጡንቻውስ?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ!

ብዙዎቻችሁ በጉልምስና ዘመን የሚመጣው የስኳር ህመም፣ ማለትም ዓይነት 2፣ ያለባችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁም የምታስታምሙ ቤተሰቦች ናችሁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «እንቅስቃሴ አድርጉ» መባላችሁ አይቀርም። እናንተም «እሺ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። መልካም ነው። ግን ምክሩ የደረሳችሁ በግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ጡንቻን ማጠንከር ነው። ዛሬ አጥብቄ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ስለተዘነጋው ግማሽ ነው።

ምግብ በልተን ወደ ደም የገባው ስኳር የት ይሄዳል? ኢንሱሊን ከደም አንስቶ ወደ ሴሎች ከሚያስገባው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ጡንቻ ነው። ጡንቻ የሰውነታችን የስኳር ጎተራ ነው ብንል አንሳሳትም። የወሰደውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣል፤ ሥራ ሲመጣበት ያቃጥለዋል። ዓይነት 2 የስኳር ህመም ሲይዝ ግን ኢንሱሊን ቢያዘውም ጡንቻው እሺ አይልም። ቆሽት ይህን ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ሲያመርት ይቆይና እየደከመ ይሄዳል። ስኳሩም ደም ውስጥ ይከማቻል።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው እውነት አለ። እየሠራ ያለ ጡንቻ ስኳር ለመውሰድ ኢንሱሊንን አይጠብቅም። ጡንቻው ሲኮማተር ግሉት ፎር የሚባሉት ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ከሴሉ ውስጥ ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ። ስኳሩ በእነሱ በኩል ይገባል። ኢንሱሊንም እነዚሁኑ ፕሮቲኖች ነው የሚያስወጣው፤ ጡንቻው ግን በራሱ ሌላ መንገድ ያስወጣቸዋል። ኢንሱሊኑ በደንብ አልሠራ ያለው ሰው እንኳ ሲንቀሳቀስ ስኳሩ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ስፖርቱ ካለቀ በኋላም ጡንቻው ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። ይህ ግን ብዙ አይሰነብትም። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እየቀነሰ ይጠፋል። «ከሁለት ተከታታይ ቀናት በላይ ሳትንቀሳቀሱ አትቆዩ» የሚባለው ለዚህ ነው። ቅዳሜን ጠብቆ ሦስት ሰዓት መሮጥ ለሐሙስ ስኳር አይደርስም።

ስለ ኤሮቢክ አጠር አድርጌ ልናገር፤ የተሻለ የምታውቁት እሱን ነውና። ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ብስክሌት፣ ዋና፣ ጭፈራም ጭምር ኤሮቢክ ነው። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያስፈልጋል። 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ፍጥነቱ ልክ ነው። 30 ደቂቃ በአንዴ ካልተቻለ አሥር አሥር ደቂቃ እያደረጋችሁ ከፋፍሉት። በተለይ ከምግብ በኋላ ያለችው አጭር እርምጃ ትልቅ ዋጋ አላት። ስኳሩ ሊወጣ ሲል እግር ይቀበለዋልና።

አሁን ወደ ጡንቻው እንምጣ። «ክብደት ማንሳት» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መስታወት ፊት ቆሞ ብረት የሚያነሳ ጎረምሳ ነው። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ?» ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ነው የሚያስፈልገው እላለሁ። ጡንቻችን ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ ቀስ በቀስ መሳሳት ይጀምራል። ስኳር ያለበት አዛውንት ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ምግብ ብቻ ቀንሶ የከሳ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። ጎተራው ሲጠብ ስኳሩ የት ይግባ? ከወንበር ለመነሳት፣ ደረጃ ለመውጣት፣ ሲደናቀፉ ላለመውደቅም ይኸው ጡንቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ጠንካራ የጭን ሥራ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት ይቻላል። ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ ይቻላል። ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ለክንድ ይበቃል፤ የላስቲክ ገመድ ያለው ደግሞ ለጀርባው ይሳብበት። አንዱን እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሥሩ። መጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት ሊከብዷችሁ ይገባል። ካልከበዱ ሥራው ቀሏችኋልና ጨምሩ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመሃል አንድ ቀን እያሳረፋችሁ ሥሩ። አንድ ነገር ግን አደራ! ትንፋሻችሁን አፍናችሁ አትግፉ፤ የደም ግፊትን በአንዴ ሽቅብ ይሰደዋል። ስታነሱ አስወጡ፣ ስታወርዱ አስገቡ።

«ሁለቱንም መሥራት የግድ ነው ወይ?» ብትሉኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በካናዳ የተሠራ አንድ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ39 እስከ 70 የሆነ ዓይነት 2 ያለባቸው 251 ሰዎች ተሳትፈውበታል። የተለካው ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ አማካይ ስኳር የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ኤሮቢክ ብቻ የሠሩት ምንም ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በ0.51 የመቶኛ ነጥብ ወረደላቸው። የጡንቻ ሥራ ብቻ የሠሩት በ0.38 ወረደላቸው። ሁለቱንም የሠሩት ደግሞ ኤሮቢክ ብቻ ከሠሩት በ0.46 የበለጠ ወረደላቸው።

ነቃ ያለ ሰው ወዲያው ይጠይቃል፤ «ሁለቱንም የሠሩት እኮ ብዙ ሰዓት ነው የሠሩት!» እውነት ነው። ለዚህ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የአሜሪካው የሉዊዚያና ጥናት ነው። በዚህኛው 262 ሰዎች ለዘጠኝ ወራት ተሳተፉ። የሦስቱም ቡድኖች የስፖርት ሰዓት ተቀራራቢ እንዲሆን ተደረገ። ኤ ዋን ሲ በግልጽ የወረደው ሁለቱን ላጣመሩት ብቻ ነበር፤ ምንም ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር በ0.34። እንግዲህ ሰዓት ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ማጣመሩ ራሱ ይሠራል። ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ዜና የለኝም። ካለችው ሰዓት ላይ ጥቂቷን ለጡንቻ መቁረጥ ነው።

አንድ ልቤን የሚያደማኝ ነገር አለ። ሰው ለወራት ሲለፋ ይቆይና ሚዛን ላይ ይወጣል። ኪሎው አልቀነሰም። «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ! ክብደት ባይቀንስ እንኳ ስኳር ይቀንሳል። ጡንቻው እየተለወጠ ነው፤ ሚዛን ግን ይህን አያሳያችሁም። የምትጠብቁትን ውጤት ከሚዛኑ ሳይሆን ከኤ ዋን ሲው ጠብቁ።

አሁን ስለ ጥንቃቄ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ስኳሩ ወርዶበት የደነገጠ ሰው ወደ ስፖርት ለመመለስ ይፈራል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች የመውረድ አደጋው ትንሽ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ግን ይጠንቀቅ። ከመጀመራችሁ በፊት ለኩ። ከ90 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ቅመሱ። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ሲመጣ ወዲያው አቁሙና ለኩ። ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር፣ ለምሳሌ ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ስኳር፣ ውሰዱ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። መለኪያ ከሌለም ምልክቱ በቂ ነው፤ ስኳሩን ውሰዱ። ስኳር ከስፖርቱ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊትም ጭምር ሊወርድ ይችላል። ደጋግሞ ከወረደባችሁ ስፖርቱን አትተዉ፤ መድኃኒቱንም በራሳችሁ አትቀንሱ። ሐኪማችሁ መጠኑን ያስተካክለው።

በተቃራኒው ከባድ ሥራ ስኳርን ለጊዜው ከፍ ሊያደርግ ይችላል። አድሬናሊን ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር እንዲለቅ ስለሚያደርግ ነው። አትደናገጡ፣ ይወርዳል። ነገር ግን ከመነሻው ስኳራችሁ ከ250 በላይ ሆኖ ህመም ከተሰማችሁ ወይም ኬቶን፣ ማለትም ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ እያቃጠለ የሚያመርተው አሲድ፣ ካለ የዚያን ቀን ስፖርት አሳድሩት።

እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ጫማው የሚመቸውና የማይፋቅ ይሁን። ቤት ሲገባ ከጣት መሃል እስከ ውስጥ እግሩ በዓይኑ ይመልከት፤ ቁስሉ ላይሰማው ይችላልና። የዓይን ሬቲናው የተጎዳበት ሰው ከባድ ነገር ከማንሳቱ በፊት የዓይን ሐኪም ያማክር። ደረት የሚይዘው፣ ያለ ልክ ትንፋሽ የሚያጥረው ደግሞ ወዲያው ያቁምና ይታይ። ነርቭ የተጎዳበት ሰው የልብ ህመም ሲኖርበት ሕመሙ ላይሰማው ስለሚችል ትንፋሽ ማጠርን አትናቁ። ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው ከእርምጃ ከፍ ያለ ነገር ሊጀምር ሲል ሐኪሙን ያናግር።

ረጅም መቀመጥም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። በየ30 ደቂቃው ለጥቂት ደቂቃ መነሳት ይመከራል። ስብሰባ ላይ ነን ብለን መዝለል የለብንም። ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት ወንበራችሁ ጠርዝ ላይ ኑ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ። ጉልበቱን የሚያመው ወንበሩን ይያዝ። አሥር ጊዜ ነው፤ ስትነሱ ትንፋሻችሁን አስወጡ። አንድ...