ከኪራይ የተረፈው

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማነሣውም ጉዳይ ለብዙ ወራት በውስጤ ሲመላለስ የቆየ ነው፤ በሚያድግ ከተማ ውስጥ የቤት ኪራይ ደመወዝን ጥሎ ስለ መሄዱ።

ከሁለት ዓመት ጥበቃ በኋላ የደመወዝ ጭማሪ ባገኘሁበት ወር፣ ደብዳቤውን ገና ከቦርሳዬ ሳላወጣ አከራዬ በሬን አንኳኩ። አረጋዊት ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ ሁሉም ነገር ጨምሯል፤ እኔስ ምን ላድርግ?» አሉኝና ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የምከፍለውን ነገሩኝ። በልቤ ሳሰላው ከጭማሪዬ በለጠ። ያን ማታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፤ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር እጄ ሳይገባ አልፎኝ ሄዶ ነበር።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ደመወዙ 100፣ ኪራዩ 30 የሆነ ሰው እናስብ። ደመወዙ በየዓመቱ 5 በመቶ፣ ኪራዩ ደግሞ 10 በመቶ ቢጨምር፣ ከ7 ዓመት በኋላ ደመወዙ ወደ 141 ሲጠጋ ኪራዩ ከ58 ያልፋል፤ የኪራዩም ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 42 በመቶ ገደማ ይወጣል። እጁ ላይ የሚቀረው ከ70 ወደ 82 ስላደገ ያተረፈ ይመስላል። ሆኖም የሌላው ነገር ሁሉ ዋጋም በዓመት 5 በመቶ ከጨመረ፣ ያ 82 በመጀመሪያው ዓመት የመግዛት አቅም ሲለካ 58 ብቻ ነው። ይህ ሰው በየዓመቱ የጭማሪ ደብዳቤ እየተቀበለ በየዓመቱ ደኽይቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ለኪራይ ስንት እንደሚከፍል ከመጠየቅ ይልቅ ከኪራይ በኋላ ስንት እንደሚተርፈው መጠየቅ ይሻላል እላለሁ፤ የሚበላው፣ የሚታከመውና ልጁን የሚያስተምረው በዚያ በተረፈው ነውና። ገቢ ዝቅ ባለ ቁጥር ለቤት የሚወጣው ድርሻ ከፍ እንደሚል የበርሊኑ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሄርማን ሽዋበ እ.ኤ.አ. በ1868 አሳይቷል፤ ጭማሪው ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጎዳው ትርፍ የሌለው ሰው ነው።

ኪራይ ደመወዝን የሚቀድመው ለምንድን ነው? ሥራ ባለበት ከተማ ሰው በየቀኑ ይገባል፤ ቤት ግን ለመሠራት ዓመታት ይፈልጋል፤ ለሥራ ቅርብ የሆነው መሬትም አይባዛም። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የመደራደር አቅም ነው። ብዙ ዕቃ ሲወደድ «ለጊዜው ይቅርብኝ» ማለት ይቻላል፤ ማደሪያን ግን ለአንድ ሌሊት እንኳ ይቅርብኝ ማለት አይቻልም። ቤት ልቀቅ የተባለ ተከራይ ለአዲሱ ቤት የወራት ቅድሚያ ክፍያ፣ ለደላላ፣ ለጓዝ ማጓጓዣ ማውጣት አለበት፤ ልጁን ከለመደው ትምህርት ቤት ማስወጣትም ሊኖርበት ይችላል። ጭማሪው ከዚህ ሁሉ ወጪ ትንሽ እስካነሰ ድረስ ይከፍላል፤ አከራዩም ይህን ያውቃል። ተከራዩ ግን ደመወዙን ለማስጨመር እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። ወደ ከተማው ዳር የሚሸሸውም ቢሆን ልዩነቱን በሰዓት ይከፍለዋል፤ ልጆቹ ሳይነቁ ወጥቶ ከተኙ በኋላ የሚገባ አባት ኪራዩ ቀንሶለታል ለማለት ይከብደኛል።

ይህን ዝም ብለው ያልተቀበሉ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1915 የመርከብና የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ብዙ ሠራተኛ በሳቡባት በስኮትላንዷ ከተማ በግላስጎው አከራዮች ዋጋ ሲጨምሩ፣ ሜሪ ባርበርን የመሰሉ ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው ጭማሪውን አንከፍልም አሉ። ከ20,000 ያህል ተከራዮች ጋር ቆሙ፤ ዓመቱም ሳያልቅ የብሪታንያ ፓርላማ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በነበረበት ዋጋ የሚገታ ሕግ አወጣ። ይህ ታሪክ ልቤን ይነካዋል፤ ያም ሆኖ የዋጋ ገደብ ብቻውን አንድም አዲስ ክፍል እንደማይሠራ፣ ከረዘመም አከራዩን ከማደስና ከመሥራት ሊያዘገየው እንደሚችል አምናለሁ። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ግን እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1934 ባለው ጊዜ፣ ቅንጡ ቤት ይበልጥ በሚከፍልበት የቤት ግብር ታግዛ ከ60,000 በላይ መኖሪያዎችን ሠርታለች። ገደቡ ዛሬ ያለውን ተከራይ ከመፈናቀል ሲጠብቅ፣ ግንባታው ነገ ለሚመጣው ቦታ ያዘጋጃል፤ ሁለቱን የሚነጣጥል ከተማ አንዱን ወገን ይበድላል።

እኔ በበኩሌ ባለፈው ወር ወደ አከራዬ ሄጄ፣ ጭማሪው ቢያንስ አስቀድሜ የማውቀው እንዲሆን ለሁለት ዓመት በጽሑፍ እንድንዋዋል ለመንኋቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡ፤ የእሳቸውም መተዳደሪያ ይኸው ኪራይ እንደ ሆነ፣ መድኃኒታቸውን የሚገዙት በዚሁ እንደ ሆነ ነገሩኝ። በመጨረሻ ለአንድ ዓመት ተስማማንና ፈረምን። ለአሥራ ሁለት ወር ከኪራይ የሚተርፈኝን አውቄዋለሁ።